ሳልፈርም የለቀቅኩት ቤት

ውድ እትዬ፣

እህትዎ እንዴት ሆኑ? ቀዶ ጥገናው በሰላም እንዳለቀ የወንድምዎ ልጅ ነግሮኛል። አሁን ብርድ እንዳይመታቸው፤ እርስዎም እሳቸውን አስታምማለሁ ብለው ራስዎን እንዳይጥሉ። ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን ድምፄን ሲሰሙ «ምን ሆንሽ?» ይሉኛል፣ እኔም «ምንም» እላለሁ፣ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። በወረቀት መዋሸት ግን አልችልበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ውል ስጽፍ ስለኖርኩ ነው መሰለኝ፣ ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ እውነቱን ካልጻፍኩ እጄ እምቢ ይለኛል።

ደህና አይደለሁም። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ እኔና አባቴ የምንገባበት ቤት የለንም።

«ቤት አግኝቻለሁ ብለሽኝ አልነበር?» ማለትዎ አይቀርም። ብዬ ነበር። እርስዎ ሻንጣዎን እየዘጉ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በወሩ መጨረሻ ልንለቅ ነው» አልኩዎት። እጅዎ ዚፑ ላይ ቀረ። «ቅር ያሰኘሁሽ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። ምን ቅር ያሰኛል? ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። አባቴ ግን ደረጃው ላይ ሁለቴ ወድቋል፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ወደ ግቢው መውረድ ትቶ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ደረጃ የሌለው ቤት ያገኘሁት ለእሱ ብዬ መሆኑን ስነግርዎት አቅፈው ሳሙኝ። ያልነገርኩዎት የአዲሱን ቤት ውል ገና እንዳልፈረምኩ ነው።

እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያደረግኩት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያንኑ ስብከት የምሰብከው እኔ። «ሁለቱም ወገን ሳይፈርም፣ ቁልፉም እጅሽ ሳይገባ፣ ያለሽበትን ቤት እለቃለሁ እንዳትይ። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ይኑርበት። ቤቱ ያንቺ ነው ማለት ሰላምታ እንጂ ውል አይደለም።» ደንበኞቼ ከኋላዬ «ወይዘሮ አንቀጽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

የአዲሱ ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በሩ በቀጥታ ወደ ግቢ ይከፈታል፤ ደፍ እንኳ የለውም። አባቴን ይዤው ሄድኩ። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደና ማንም ሳይደግፈው ብቻውን ወደ ውጭ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። እኔም ያን ቤት ካላገኘሁ እሞታለሁ አልኩ በልቤ።

«ጋሼ፣ ውሉን መቼ እንፈራረም?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ልጃችን ዘንድ ሄዳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለስ።»

«ቤቱ የሁለታችሁ ነው?»

«የሁለታችን ነው።» ጥያቄዬ ሳያስቃቸው አልቀረም። «ልጄ፣ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም? ዕድሜ ልኬን የሰው ልጆችን አትዋሹ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ቤቱን ይዘሻል፤ ሂጂ እቃሽን እሰሪ።»

እዚህ ላይ ምን ማለት እንደነበረብኝ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጉዳዩ የደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ፊት ለፊት እናገር ነበር፤ የራሴ ሲሆን አፌ ተለጎመ። ያን ሽበት እያየሁ «ቃልዎ አይበቃኝም» እንዴት ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። እርስዎ ደግሞ በማግስቱ ሊሄዱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንደ ልጅዎ ያኖሩኝን ሰው በስልክ «ለቅቄያለሁ» ማለት ነውር መሰለኝ፤ ሳይሄዱ በአካል ልንገራቸው ብዬ ቸኮልኩ። እሳቸውንም እንዳላስቀይም፣ እርስዎንም እንዳላስቀይም ስል ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

ሳምንቱ አለፈ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ እንዳልደውል «ምን ያለችው ነዝናዛ ናት» የሚሉኝ ይመስለኛል፤ እንዳልተወው ቀኑ ይሄድብኛል። ያልነካሁት ምግብ ከፊቴ ይነሳል። በአንድ ደንበኛ ውል ላይ አከራይና ተከራዩን አገላብጬ ጻፍኩ፤ ሰውየው «እኔ መቼ ነው ባለቤት የሆንኩት?» ብሎ ሲስቅ ጠረጴዛዬ ሥር መግባት ነበር የቀረኝ። እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

አባቴ በበኩሉ እቃ ማሰር ጀምሯል። ዓይኑ ባይረዳውም ብርጭቆ በጋዜጣ ሲጠቀልል ማንም አይስተካከለውም። ማታ ማታ ስገባ «ሴትዮዋ ተመለሱ?» ይለኛል።

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«ምን ዓይነት መንገድ ነው እሱ? በእግራቸው ነው እንዴ የሚመጡት?»

ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አስተማሪው ራሳቸው መሥሪያ ቤቴ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ሲያሻሹ ሳይ፣ ሳይናገሩ ገባኝ። ባለቤታቸው ቤቱን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተዋል። እሳቸው ሳያውቁ ሚስትየዋ ቃል ገብተዋል፤ ሚስትየዋ ሳያውቁ እሳቸው ለእኔ ቃል ገብተዋል። «ቃሌን አጠፍኩብሽ ልጄ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እትዬ፣ ልቆጣቸው ነበር። ግን እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና «ግድ የለም ጋሼ፣ ሌላ አገኛለሁ» ብዬ አጽናናኋቸው። ቤቴን ያሳጣኝን ሰው እኔው ውኃ አጠጥቼ ሸኘሁ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልደውልልዎት ወሰንኩ። «እትዬ፣ ያልኩትን ይርሱልኝና ልቆይ» ልል። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሳነሳና ሳስቀምጥ ዋልኩ። ሐሙስ ጠዋት የወንድምዎ ልጅ ከአንዲት ሴት ጋር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጣ። ሴትዮዋ ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው መሰለኝ፣ ነጩ ልብስ ከካፖርቷ ሥር ይታያል።

«እንኳን አገኘሁሽ» አለኝ። «የቤትሽን አዲስ ተከራይ ይዤ መጣሁ። ውሉን ካንቺ የተሻለ ማን ይጽፈዋል?»

የሰጡትን ውክልና አወጣ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀዳዳ ፍለጋ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ማስተዳደር» ብቻ ቢል፣ «ማከራየት» የሚለው ቢጎድል፣ «እትዬ እስኪመለሱ ይቆይ» ብዬ እመልሳቸው ነበር። ግን ውክልናውን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። ማከራየትም፣ ውል መፈረምም፣ ሁሉም አለበት። ቀዳዳ የለውም።

አፌን ከፈትኩ። «የያዝኩት ቤት ቀርቷል፤ አልለቅም» ልል ነበር፤ እንዲያ ብል የወንድምዎ ልጅ እምቢ እንደማይለኝም አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ደንበኛን ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

«ያሉበትን ቤት እለቃለሁ ብለው ተናግረዋል?»

«ሰኞ ነው የተናገርኩት። ትናንት ሊያዩት የመጡ ሰዎችም ተስማምተው ሄደዋል።» ወደ ወንድምዎ ልጅ ዞር አለች። «እሱ ቃል ሰጥቶኛል። አይበቃም እንዴ?»

«አይበቃም» አልኳት። ማንንም እንደዚያ ከልቤ መክሬ አላውቅም።

ከዚያ ተቀመጥኩና ጻፍኩላት። ሁለቱን ክፍሎች፣ ደረጃውን፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማን እንደሚያሠራው ሳይቀር ጻፍኩ። ማንም በድንገት ተነስቶ ሊያስወጣት እንዳይችል እያንዳንዱን ቃል መዝኜ አስገባሁ። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ተፈራረሙ። ከምስክሮቹ አንዱ ግን ሳይመጣ ቀረ።

«አንቺው ፈርሚ እንጂ» አለ የወንድምዎ ልጅ። «ከአንቺ በላይ ቤቱን የሚያውቅ ማን አለ?»

ፈረምኩ። ነርሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። «እርስዎስ የት ሊገቡ ነው?» አለችኝ።

«እሷማ ደረጃ የሌለው ግሩም ቤት አግኝታለች» አለ እሱ።

«ታድለው» አለች። እኔም ቀሪውን ቅጂ ለወንድምዎ ልጅ አቀበልኩት።

እትዬ፣ ይህን የጻፍኩት ውሉን እንዲያፈርሱልኝ አይደለም። ቢሞክሩም አይፈርስም፤ ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሲመለሱ ከምስክሮቹ መካከል ፊርማዬን አይተው እንዳይደነግጡ፣ እንዴት እዚያ እንደገባ ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው። በተባለው ቀን ቤቱን ጠርጌ ቁልፉን አስረክባለሁ። ከሥራ ስወጣ ቤት እያየሁ ነው። እስካሁን ያየኋቸው ሁሉ ደረጃ አላቸው።

ለአባቴ አልነገርኩትም። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ሳጥን እያሰረ ነው፤ ገመዱን ሲስብና ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ከምን ጀምሬ እንደምነግረው ጠፍቶኝ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገርና አፌን ላሟሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይኸው ነገርኩዎት። አሁን ተነስቼ ገመዱን ከእጁ ልቀበለው።

እስከ ወሩ መጨረሻ ተከራይዎ፣
ሁልጊዜም ልጅዎ