የኋላ ግራ ጎማ

ንፋስ መውጫ

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። በስልክ ብጀምርልህ «እታለም፣ ተይው እንግዲህ» እያልክ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ጻፍኩት።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሚኒባስህ ተቃንቶ ተቀብቷል፣ አርብ በልጄ በይስማው ፋንታ የሚነዳው መሐሪ ነው፣ በይስማው ዕቃ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ስጭው ብለሃል። ልጄ ከሞተ ሃምሳ ቀን አልሞላውም። በተዝካሩ ያመጣኸውን ወይፈን ሰው ሲበላ፣ አንተ መካከል ቆመህ «ቀኑ ደርሶ ነው» ስትል ሰማሁህ። ራሴን አመመኝ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ እንጂ ራሴን አላመመኝም።

ቁልፉን ስፈልግ ሳጥኑ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት አዳዲስ ብረቶች አገኘሁ። መኪናው የቆመበት ጋራዥ ሄጄ ለመካኒኩ ለአስናቀ አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ። የኋላ ፍሬን ሲሊንደር ነው አለኝ፤ ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ እዚህ ገብቶ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ጎማውን ይይዛል።

«ክፈትና አሳየኝ» አልኩት።

የኋላ ግራ ጎማውን ፈታ፤ ከበሮ የሚመስለውን ክዳን በመዶሻ እየመታ አወጣው። ውስጡ ዘይትና አቧራ ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። ያ ሽታ! ከመሞቱ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልጄ ሱሪ ላይ ያጠብኩት ሽታ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ታጥፎ በመዶሻ ተጨፍልቋል።

ማን ነው ይህን ያደረገ ብዬ ብጠይቀው «እኔ ነኝ እማማ» አለ፣ ቀና ሳይል። ይስማው ሁለቱንም ሲሊንደር እንቀይር ብሎ ነበር፤ አንተ ግን አስናቀን በስልክ «አንድ ቀን ሙሉ ገትረኸው ገበያተኛው ያምልጠኝ? የሚያፈሰውን ዝጋና በሦስቱ ፍሬን ይሂድ» አልከው። ዘጋው። የቀኙ ሲሊንደር የግራው እኩያ፣ እንደሱ ያረጀ ነው፤ ወደ አርብ ገበያ ሲወርድ ላስቲኩ ተበጥሶ ዘይቱ ፈሰሰ። ልጄ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦ ቢያጣው፣ ገደል እንዳይገባ በራሱ በኩል ከተራራው አላተመው። ተሳፋሪው ሁሉ ተረፈ። የደረሰው «ቀን» ይህ ነው።

ቀኙን ደግሞ አስከፈትኩት። እዚያም ቱቦው ታጥፏል፤ የዚህ ግን እጥፋቱ አዲስ፣ ከአደጋው በኋላ የተደረገ ነው። ለካ በሩንና መስታወቱን አሳምረህ፣ መሐሪን በፊት ጎማ ፍሬን ብቻ ልትልከው ነበር! ወንድሜ፣ አንድ ጡት ጠብተናል፤ ተጸየፍኩህ።

«እፊቴ ቀይር» አልኩት። ቱቦውንም፣ ሸራውንም፣ ይስማው የገዛቸውን ሁለቱንም ሲሊንደሮች ገጠመ። በመጨረሻ አየሩን ለማውጣት ፍሬን የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል አለ። እኔ አለሁ ብዬ በልጄ ወንበር ላይ ወጣሁ።

ከሥር ሆኖ «ይርገጡ… ይያዙት… አሁን ይልቀቁ» ይለኛል። መጀመሪያ እግሬ ዝም ብሎ ሰመጠ። እየቆየ ጠነከረ፤ መልሶ ይገፋኝ ጀመር። «በቃ እማማ፣ ይልቀቁ» አለኝ። አልለቀቅኩም። ሁለቴ፣ ሦስቴ አለኝ።

ቁልፉን ለመሐሪ አልሰጠሁትም። ለእናቱ ለየኔነሽ፣ ከተጨፈለቁት ቱቦዎች ጋር በእጇ አስጨበጥኳት። ልጇ «መኪናውን አንድ ቀን እንዲያቆምልኝ ንገሪልኝ» ብሎ ቢለምናት፣ «መሪ ያስጨበጠህን ሰው አታስቀይም፤ ዝም ብለህ ታዘዝ» ብላ የምትመልሰው ሴት እሷ አይደለችም፤ እኔ ነበርኩ።

በዚያ መኪና የሚሳፈረውን ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያግባው። ላንተም ለእኔም የንስሐ ዕድሜ ይስጠን።

የይስማው እናት