ያልተረጎምኩልሽ ቃል

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። ላንድማርክ ሰፈር የነበረውን አፓርታማሽን አስረክበናል። ልብስሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን፤ ቡናማ ሹራብሽን ብቻ አስቀርቼ መኪናዬ ውስጥ ተውኩት። ቤት ማስገባት አቃተኝ።

ያን ማክሰኞ አንቺም አልረሳሽውም። የኩላሊት እጥበት ላይ ሳለሽ የታማሚዎችን ጉዳይ የምትከታተለው የክሊኒኩ ሶሻል ወርከር መጥታ አጠገብሽ ተቀመጠች። በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ስትል፣ «አያስፈልግም፣ እኔ ልጇ አለሁ» አልኳት። አንቺ ራስሽ ምን እንደምትፈልጊ ጠየቀችሽ። ምንም ሳታመነቺ፣ «እጥበቱ ይብቃኝ። ሁለት ዓመት ሞከርኩት። የቀረችኝን ቀን ቤቴ ሆኜ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እየተጫወትኩ ልጨርሳት» አልሽ።

እኔ በእንግሊዝኛ፣ «ደክሟታል፤ ግን ትቀጥላለች» አልኳት።

ሃያ ዓመት የሆቴል ክፍል ስታጸጂ የለመድሽው እንግሊዝኛ ያንን ለመስማት ይበቃ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ «እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

እኔም እኮ ሶሻል ወርከር ነኝ። ቢሮዬ ለሚመጡ ቤተሰቦች በየቀኑ «እባካችሁ፣ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ» እላለሁ። የሰው ምርጫ ባይጥመንም ምርጫው የእሱ ነው እያልኩ አዳዲስ ሠራተኞችን አስተምራለሁ። ያንቺ ሲሆን ግን ፈራሁ። ያላንቺ መኖርን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይባስ ብዬ፣ እንዲመቸኝ ከላንድማርክ አንስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ አመጣሁሽ። አራት ወር ኖርሽ። ከእጥበት ስትመለሺ ሾርባ እንኳ አይወርድልሽም ነበር። የላንድማርክ ጎረቤትሽ እትዬ አስካለ በባቡርና በአውቶቡስ እየተንከራተተች መጥታ፣ ተኝተሽ አግኝታሽ፣ ግንባርሽን ስማ ትመለስ ነበር። የሞትሽውም ክሊኒኩ ውስጥ፣ የእጥበት ወንበር ላይ ነው። እኔ መኪና እያቆምኩ ነበር።

በአርባሽ ዕለት ሰው ሁሉ «እስከ መጨረሻው ታገለች» እያለ አጽናናኝ። እውነቱን ባለፈው ለወንድሜ ብቻ ነገርኩት። «ለእሷ ብለሽ ነው» አለኝ። እንዳልሆነ አውቀዋለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እንደ ልማድሽ እሺ ትይኛለሽ፤ እሺታሽን ደግሜ ልወስድብሽ አልፈልግም። ሌላው ሰው እስከ መጨረሻው ታገለች እያለ ያስታውስሽ። እኔ ግን በቃኝ ብለሽ እንደነበር፣ የሚሰማሽ እንዳጣሽ፣ እስክሞት አልረሳም።

ልጅሽ