ውኃ ሳይመጣ የመጣ ሒሳብ

ጥር 19 ቀን 2006

ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። የጥምቀት እንግዳ ሄዶ አለቀ። ሁለት ነጠላ ሸጥኩ። አንዷ ሴትዮ ስትከራከረኝ ቆይታ "ነገ እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። አትመለስም።

ቤት ስገባ አባባ እንደ ልማዱ ግቢ ውስጥ፣ የውኃ ቆጣሪው ካለበት ግድግዳ ሥር፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የውኃ ቢል እጁ ላይ። "አንድ ልጅ ሰጠኝ" አለ። ሦስት መቶ አርባ ብር! ባለፈው ወር ስልሳ ነበር። መነጽሬን ፈልጌ ደግሜ አየሁት። ያው ነው። ለየትኛው ውኃ? ከጥምቀት ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የመጣው፣ እሱም በርሜሉን ሳይሞላ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ...

እንደ ወትሮው ቧንቧውን ከፍቼ፣ ከሥሩ ባዶ የቆርቆሮ ባልዲ አድርጌ ልተኛ ነው። ውኃ ሲመጣ ባልዲው ይጮኻል፣ እነሣለሁ። ሰፈሩ በሙሉ የሚተኛው እንዲህ ነው። ውኃ ካልመጣ ቧንቧው ቀንም እንደ ተከፈተ ይውላል።

ጥር 20

ባልዲው አልጮኸም።

ጥር 24

ዝማሬን አነጋገርኳት። የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው፣ ሕፃናት የምታስተምረው ልጅ። ቢሉን ሳሳያት ዓይኗ ፈጠጠ። "ምነው እትዬ! እኔ እንኳ ልብሴን አምባ ጊዮርጊስ እናቴ ዘንድ ወስጄ ነው የማጥበው።" እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የታጨቀ ማዳበሪያ ተሸክማ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ አያታለሁ። እንዲያውም ይዛ የምትመጣው ልብስ ብቻ ሳይሆን ጀሪካን ሙሉ ውኃም ነው። ልጠይቃት በመሄዴ አፈርኩ።

የካቲት 5

ውኃ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው። "ቆጣሪው ያነበበውን ነው የምናስከፍለው እናቴ። ካልተከፈለ ደግሞ መስመሩ ይቆረጣል።" እናቴ! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ምክር ግን ሰጠኝ። ቧንቧውን ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ቀይ ኮከብ እያት፣ ተዘግቶም የምትዞር ከሆነ መሬት ውስጥ የሚፈስ ነገር አለ አለኝ።

"መቼ ልያት? ውኃ የለም እኮ።"

"ሲመጣ።"

ሁለታችንም ሳቅን። የእሱም ሰፈር አይመጣም።

የካቲት 9

ውኃው እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝና ቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። አያ አላምረው ይባላል፣ ከወለቃ ነው። ቧንቧውን ሳያይ በሩ ላይ ቆሞ "ጎማው ነው" አለ። ጎማውን ቀየረ። ቀጥሎ "ቧንቧው ራሱ ነው" አለና እሱንም ቀየረ። አባባን "ሐጂ፣ ከእንግዲህ ጠብ አይልም፣ ሸጋ ሆኗል" አለው። አባባ ደግሞ "መቼስ ጠብ ብሎ ያውቃል?" አለ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። አባባ ሲቀልድ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ...

መጋቢት 3

አራት መቶ አስር። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ቧንቧ፣ አራት መቶ አስር።

አባባ ቢሉን ሳነብ አየኝና "ቆጣሪው ያፏጫል" አለኝ።

"ምን ይላል?"

"ያፏጫል። እንደ ሰው። ጀርባዬን ሳስደግፍ ይሰማኛል።"

ምን ልበለው? ባለፈው ሳምንት እማማ የት ሄደች ብሎ ጠይቆኛል። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ዓርብ ከመስጊድ የተመለሰው አንድ የራሱን ጥቁር ጫማ፣ አንድ የሌላ ሰው ቡኒ አድርጎ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጨርቅ ሲሸጥ ነጭና ክሬም በጨለማ የሚለይ ሰው! "እሺ አባባ፣ ያፏጭ" ብዬ ሻዩን ቀዳሁለት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

መጣ! በጠራራ ፀሐይ። ዝማሬ ደወለችልኝ፣ ሱቁን ጥዬ ሮጥኩ። በርሜሉን፣ ጀሪካኖቹን፣ ድስቶቹን፣ የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞላን። ከዚያ ሁሉን ዘግቼ ቆጣሪው ላይ ተደፋሁ። ቀይዋ ኮከብ ቀጥ ብላ ቆማለች። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... አትንቀሳቀስም። የሚፈስ ነገር የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሚፈስ ከሌለ የሚያፈስ አለ። ዝማሬ አይደለችም። እኔ ቀኑን ሱቅ ነኝ። የቀረው ማነው? አልጽፈውም።

ሚያዝያ 9

ዝማሬ ለፋሲካ እናቷ ዘንድ ሄደች። ግቢው ጭር አለ። እንግዲህ በዚህ ወር የሚመጣው ቢል የእኔና የአባባ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 18

አየሁት። በዓይኔ አየሁት። ከሱቅ ስመለስ ውኃ መጥቷል። በርሜሉ ሞልቶ ግቢው ኩሬ ሆኗል፣ ቧንቧው እንደ ተከፈተ ነው። አባባ እቤት ውስጥ የአስር ሶላት እየሰገደ። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት።

"አባባ፣ ቧንቧውን ምነው አልዘጋኸውም?"

"ረሳሁት።"

"ስንቴ ነው የምትረሳው?"

እጁ አሁንም ከሶላት በፊት ከታጠበው ውዱእ እንደ ረጠበ ነበር፣ ወደ ጋቢው ውስጥ ከተተው። ድምፄን ከፍ አድርጌበት ነበር። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

ሚያዝያ 27

አምስት መቶ ሃያ! ውኃው በወሩ የመጣው ሁለቴ ነው። ዝማሬም አልነበረችም። ሌላ ማንን ልጠርጥር?

የቧንቧውን መክፈቻ ነቀልኩት። ጠዋት ዘግቼ መክፈቻውን ቦርሳዬ ውስጥ እከትና እወጣለሁ፣ ማታ መልሼ ገጥሜ ከፍቼ ባልዲዬን አስቀምጣለሁ። ለአባባ ለውዱእ በቀን ሁለት ማንቆርቆሪያ ሙሉ። "ቸግሮናል አባባ፣ በዚህ አብቃቃ" አልኩት። "እሺ ልጄ" አለ።

ለምን አልተቆጣኝም? በልጅነቴ ሚዛን ብነካበት እንኳ የሚቆጣ ሰው ነበር።

ግንቦት 4

ዝማሬ ተመልሳ መክፈቻውን አጣችው። ነገርኳት። "እንዴ እትዬ፣ ከሐጂ?" አለች። አኮረፈችኝ መሰለኝ።

ግንቦት 26

ሁለት መቶ ሰላሳ! ከግማሽ በታች ወረደ። አልሐምዱሊላህ። አባባ ነበር ማለት ነው። ሲያስጨንቀኝ የከረመው ተገለጠ። ሥጋ ገዝቼ ገባሁ።

ማንቆርቆሪያዎቹን ላጥብ ስል ሁለቱም ሙሉ ናቸው። እንዴት?

ግንቦት 28

ለምሳ ብዬ በጊዜ ገባሁ። አባባ በርጩማው ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ዳቦ የምታህል ጠፍጣፋ ድንጋይ። መዳፉን ድንጋዩ ላይ መታ መታ አደረገና ፊቱን አበሰ። እጆቹን አበሰ። ተየሙም፣ ያለ ውኃ የሚደረግ ውዱእ። ውኃ ላጣ መንገደኛ፣ ውኃ ለማይነካ በሽተኛ የተፈቀደው። ማንቆርቆሪያው አጠገቡ ሙሉ ቆሟል!

"አባባ! ውኃ እያለ?"

"ውኃው ለመጠጥ ይሁን።"

"የሚጠጣ አለን እኮ።"

"ቸግሮናል ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ለቸገረው ሰው አፈር ይበቃዋል።" ነገሩን ሲያስረዳኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ድንጋዩን አንሥቼ ከአጥር ውጭ ወረወርኩት። ማታ ተመልሶ ከቦታው ላይ አገኘሁት። ማን አመጣለት? ዝማሬ ትሆናለች... አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 5

ጉንፋን ጣለኝና ሱቅ አልሄድኩም። ቧንቧውንም ሌሊት እንደ ከፈትኩት ተውኩት። ጋቢ ተከናንቤ ከአባባ አጠገብ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ። ድንገት ክርኔን ነካ አደረገኝ።

"ይኸው መጣች።"

"ማን?"

"የምታፏጨው።"

እጄን ይዞ ቆጣሪው ላይ አሳረፈው። ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፉ... ያ አላህ፣ ያፏጫል! ክዳኑን ከፈትኩ። ቀይዋ ኮከብ እንደ እብድ ትሽከረከራለች። ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። አንዲት ጠብታ የለም። መዳፌን ከአፉ ሥር ሳደርግ ነፋስ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ። ዘጋሁት፣ ኮከቧ ቆመች። ከፈትኩት፣ ዞረች። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ... የእኛ ቤት ዳገት ላይ ነው። ውኃው ታች ሰፈር ሲደርስ ነፋሱን ወደ እኛ ይገፋዋል። እኛ ደግሞ በሩን ከፍተን፣ ባልዲ አስቀምጠን እንቀበለዋለን። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ስገዛ ነው የከረምኩት። ቢሉ የወረደውም ቀን ቀን ስለ ዘጋሁት ነው እንጂ...

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለ አባባ። እንደ ድሮው፣ ጥርት ባለ ድምፅ። እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሰ "ምን ሆነሻል፣ ትኩሳቱ ነው?" አለኝ።

መክፈቻውን ዳግመኛ እንዳልነቅለው በቦታው አሰርኩት። በሽቦ።

ሰኔ 9

ቢሮ ሄድኩ። ያው ትሑት ልጅ። ጨርሶ አዳመጠኝ፣ እንደሚያጋጥምም ያውቃል። ግን ቆጣሪው የቆጠረው ቁጥር ላዩ ላይ ነፋስ ወይም ውኃ ተብሎ አልተጻፈበትም። "ወደፊት ዝጊው እናቴ" አለኝ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ... የእኔ ደግሞ ውኃም አይደል።

ከዘጋሁት ውኃ ሲመጣ በምን አውቃለሁ? ከከፈትኩት ነፋስ እከፍላለሁ። የትኛው ይሻላል?

ሰኔ 14

ዘግቼ ተኛሁ። ውኃ መጥቶ ሄዷል፣ አልሰማንም። ጠዋት ዝማሬ ጎረቤት ሄዳ አንድ ጀሪካን ለምና መጣች።

ሰኔ 16

ለጎረቤቶቼ ነፋስ እንደሚቆጥር ነገርኳቸው። ሳቁ። አንዷ ከኋላዬ "ኢልሃምም እንደ አባቷ ልትሆን ነው" ስትል ሰማሁ። ምን ይባላል? እኔስ አባባን ሰምቼው ነበር?

አሁን የምንነሣው በእነሱ ባልዲ ጩኸት ነው። የእነሱ ሲጮህ የእኛን እከፍታለሁ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። በርሜሉ ሙሉ ነው። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውኃ አሞቅኩለት፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ጎንበስ አልኩ። "አባባ፣ ና ላፍስስልህ።" ማንቆርቆሪያውን አየው። ከዚያ ዞር ብሎ ድንጋዩን ፈለገ።

ነገ ይለምደዋል ኢንሻአላህ።

ሰኔ 25

አልለመደም። ውኃው ተትረፍርፏል ብዬ ብነግረው፣ በርሜሉን ከፍቼ ባሳየው... አንገቱን ይነቀንቃል፣ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። የመስጊዱ ኢማም መጥተው በቀስታ አስረዱት። እሳቸው እያሉ ታጠበ። ሲወጡ ረሳው። ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። እርጅና ነው፣ የቅርቡን ይረሳል፣ አንዳንዱ ነገር ግን ይቀራል አሉኝ። የቀረው ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ሐምሌ 6

ቢል መጣ። ሰባ ሁለት ብር። አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አላሳየሁም።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በርሜሉን ሞልቶ በግቢው ይሄዳል። አባባ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ለዙህር ሶላት ማንቆርቆሪያውን ይዤ መጣሁ፣ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ፣ እጁን ያዝኩት። ትንሽ ጠብ አደረግኩበት። ደንግጦ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ግራና ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ተይ፣ ልጄ ትቆጣለች።"

"አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ኢልሃም። ልጅህ ነኝ።"

"ኢልሃም ሱቅ ናት" አለኝ። "ደግ ልጅ ናት። ቸግሯት ነው። እንደ ነካሁት እንዳትነግሪያት።"

አልነግራትም አልኩት።