በወፍጮ ቤቱ ጀርባ እሄዳለሁ

አለቃዬ፣
ይኸው አብረን በምንኖርበት ቤትም ውስጥ አለቃ አልኩህ፤ ደስ ይበልህ።

ድልድዩ እስከ አራት ሰዓት ዝግ ነው፤ ያንተ ስምሪት ግን ዛሬም በዚያው ላከኝ። የማደርሰው ኢንሱሊን ነው፤ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ አይጠብቅም። ስለዚህ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ አድርጌ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁልቁል እወርዳለሁ። ካርታህ ይሄን መንገድ አይለውም፤ አህዮች ግን ሲመላለሱበት ኖረዋል።

"ከመስመር ብትወጣ የስንብት ደብዳቤህን በገዛ እጄ እጽፋለሁ" ብለሃል።
ጻፈው።

ትናንት በሾፌሮቹ ፊት "መሪ ጨብጦ የማያውቅ መንገድ አሳይ" ያልኩህ ከአፌ አምልጦኝ ነው።
ውሸት ነው ግን አላልኩም።

ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። የሻወሩን ቧንቧ አጥብቀህ ዝጋ።

ደብዳቤው ላይ "የተሰናበተበት ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት ግን፣ "በሰዓቱ ደረሰ" ብለህ ጻፍልኝ።