የእማዬ የጠዋት ግዢ

ለታላቋ እህቴ፣

ከብዙ ናፍቆት ጋር ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ልጃችሁ ድንቡሼስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? እማዬስ ሌሊቱን እንዴት ታድራለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ደንዝዞብኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስልኩን ሳነሳ አንደበቴ እምቢ እያለኝ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በወረቀት ልላክልሽ ብዬ ነው።

ሥራዬ ከምን እንደተነሳ አንቺ ታውቂያለሽ። የቪዲዮ ጌም ቤት ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የባንክ ካርድ ለሌላቸው ተጫዋቾች በራሴ ካርድ የጨዋታ ዕቃ ስገዛላቸው፣ አባዬ ነፍሱን ይማረውና «ይሄም ሥራ ሆኖ ነው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ በየሱቁ የሚሸጥ ቁጥር ያለበት ካርድ አሳተምኩ፤ ከዚያ ክፍያው በስልክ ሆነ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አሥራ አራት አገር ገባን። ከሁሉ በላይ ስም ያወጣነው ግን ሌባ በመያዝ ነው። ሰው ዕቃ ሲመርጥ ጣቱ እንዴት እንደሚሄድ አይቶ፣ ስልኩን የያዘው የአካውንቱ ባለቤት ይሁን ሌላ ሰው የሚለይ ፕሮግራም ሠራን።

እማዬን ክፍያው እናንተ ዘንድ በደንብ መሥራቱን ሞክሪልኝ ያልኳት መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እሷ ግን የምር ያዘችው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ «ገበያ ወጣሁልህ» ብላ አንድ ዕቃ ትገዛለች። ጌሙ ውስጥ ሰይፍ ለታጠቀችው ተጫዋቿ የምትገዛላት ሁልጊዜ ጃንጥላ ነው። ለምን ስላት፣ ጀግና ስለሆነች ዝናብ ይደብድባት እንዴ አለችኝ። ቀለም ስታማርጥ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ግዢው ኮምፒውተሬ ላይ ብቅ ሲል፣ እማዬ ደህና አድራለች እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መደወል የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ድርጅቱን ለመሸጥ በምንደራደርበት ወር ግዢው አንድ ቀንም አልተቋረጠም። ጃንጥላው ግን ቀረ። ፈረስ ተገዛ፣ ጋሻ ተገዛ፣ ያውም በአሥር ሰከንድ። ፕሮግራሙ ወዲያው አስጠነቀቀኝ፤ ይህን አካውንት የያዘው ባለቤቱ አይደለም አለኝ። ሦስት ጊዜ አለኝ። እኔም ሦስቱንም ጊዜ «የማውቀው ሰው ነው» የሚለውን ተጭኜ አለፍኩት። እማዬ ጎበዘች፣ እጇ ፈጠነ ብዬ ሳቅሁ። ለድርጅቱ ገዢዎችም ስብሰባ ላይ አጫወትኳቸው፤ እነሱም ሳቁ።

በፈረምኩ ማግስት ደውለሽ፣ ቀኝ እጇና ምላሷ ከተያዘ ሃያ ስድስት ቀን እንደሆነው፣ በእሷ ስልክ የምትገዢውም አንቺ እንደነበርሽ ነገርሽኝ። ሥራህ እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው አልሽኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ኩባያዬን አጠብኩ። የታጠበ ኩባያ ነበር። ልቆጣሽ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። አንቺ የደበቅሽኝን የገዛ ሥራዬ ነግሮኝ ነበር። ማልቀሱም እምቢ አለኝ።

አሁን ገዢዎቹ የመስታወት ክፍል ሰጥተውኛል። በሩ ላይ «አማካሪ» ይላል፤ እስካሁን ያማከረኝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ነው፣ እሱም ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው ብሎ። ውሉ አንድ ዓመት ከዚህ አትራቅ ይላል። እናቴ ታማብኛለች፣ ልሂድ ብዬ አዲሷን ሥራ አስኪያጅ ብጠይቃት፣ ከልቧ አዝና፣ ከስድስት ወር በኋላ ቢሆን አለችኝ። እሺ አልኳት። ወጥቼ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። የምሄድበትን ፎቅ ሳልጫን ዝም ብዬ ቆሜ እንደነበር የገባኝ፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ነው። በእናቴ ጉዳይ እሺ ማለቴ አሳፈረኝ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገባሁ። ከፈለጉ ይክሰሱኝ።

ደብዳቤው በደረሰሽ በሳምንቱ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ለእኔ ተብሎ የሚደበቅ ነገር አይኑር፤ ክፉውንም ቢሆን ንገሪኝ።

ጋሼን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ፤ እማዬን አቅፎ ማውረድ ማውጣቱ በእሱ ጫንቃ ላይ እንደወደቀ አውቃለሁ። ድንቡሼን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናንተ ሥራ ስትውሉ እማዬ አጠገብ የምትቀመጠውን ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን እግዜር ይስጥልኝ በያት።

ለእማዬ እንደምመጣ ንገሪያት። አንዳንድ ቀን ሰው መለየት ይቸግራታል ብለሽኛል። ከደነዘዝኩ ወዲህ የምፈራው ይህንን ብቻ ነው። እንግዲህ ገብቼ ፊቴን አይታ ዝም ካለችኝ፣ እባክሽ እህት ዓለም፣ ልጅሽ ነው ብለሽ አትንገሪልኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከመሥሪያ ቤቴ አራተኛ ፎቅ
ኅዳር ፱ ቀን