ለአሮጌ ወንበሮች የተገጠመ ሶኬት

ይድረስ ለልጄ፣ ለኢንጂነሯ! እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ተሽሎኛል። ታናሽ ወንድምሽ ፈተናውን አልፎ መሬት አልበቃው ብሏል።

ባለፈው ስትደውዪ አባትሽ «መጀመሪያ ተቀጠሪ፤ የራስሽን ሥራ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» ሲልሽ ዝም አልሽ። ያን ዝምታሽን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነሽም እሱ ግንባሩን ከቋጠረ የፈታታሽውን ሬዲዮ ሳትጨርሺ ትከድኚው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በደሞዝ የኖረ ሰው ነው፤ ላንቺ ፈርቶ ነው እንጂ ንቆሽ አይደለም።

ደግሞ ስሚኝማ። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ልጅዎ የውሃ ማጣሪያ እያመረተች ልትሸጥ ነው አሉ! አባቷ እኔ ጋ ቁጭ ባሉ ቁጥር ሌላ ወሬ የላቸውም» አይለኝም! ቤት ስደርስ አባትሽ የጓሮውን ዕቃ ቤት ባዶ አድርጎ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ሶኬት ያስገጥማል። «ለምንድነው?» ስለው፣ «ለአሮጌዎቹ ወንበሮች ነዋ» አለኝ። ወንበር ደግሞ ሶኬት ምን ያደርግለታል? ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሻይ አቀረብኩላቸው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ ልጄ። አደራሽን፣ እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪው። ስትደውዪ ብቻ «አባዬ፣ ከየት ልጀምር?» በዪው። መልሱን ካዘጋጀ ሰንብቷል፤ ያጣው ጠያቂ ነው።

እናትሽ