የሐጃ ዘኪያ አዲስ ጉልበት

ካርቱም፣ ሰሐፋ
ጥር 1994 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣ አሰላሙ ዓለይኪ። እንደምን ከረምሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

አሠሪዬ ሐጃ ዘኪያ በመጨረሻ ጉልበታቸውን አስቀየሩ። ሐኪሞች ያረጀውን አጥንት ቆርጠው ብረት ያስገባሉ፤ አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። መጀመሪያ ግን ቤቱ በክርክር ታምሶ ነበር። ጀርመን ያለው ልጃቸው በሽር እየደወለ፣ እዚህ ሮቦት የሚሉት ማሽን አለ፣ ፀጉር ታህል ሳይስት ይቆርጣል፣ ይምጡና እኔው ዘንድ ይቅሩ ይላቸዋል። የካርቱሙ ሐኪም የሚሠራው በእጁ ነው። ሲጠይቁት፣ ማሽኑ አስተካክሎ በመቁረጥ ይበልጠኝ ይሆናል፣ ለመራመዱ የቱ እንደሚሻል ግን ገና አልተለየም፤ በየትኛውም ይሠራ፣ እያመመው ጉልበቱን ያላጠፈ ሰው አይሄድም አላቸው።

እኔ ጀርመንን ፈርቼ ነበር። እሳቸው ከሄዱ በዚህ አገር እንደ እናት የሚቆምልኝ ማን አለ? እሳቸው ግን ስልኩን ተቀብለው፣ "ወላሂ በሽር፣ ማሽኑ ቢሳሳት ማንን ልቆጣ? የዶክተሩን እናት አውቃታለሁ" አሉት። በዚሁ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸውን እያሳጠፈ የሚያለማምዳቸው ተውፊቅ የሚባል የሆስፒታል ሠራተኛ ቤት ይመላለሳል። ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም እዚሁ ስለሞቱ ዘመድ የለውም። አማርኛው ግማሹ ዓረብኛ ነው። ሐጃ ሲያማቸው ይሰድቡታል፣ እሱ "ያላ ሐጃ፣ አንዴ ብቻ" ይላል፤ ያቺ አንዴ አታልቅም። ትዕግሥቱ ይገርማል፣ ሶላቱንም አያሳልፍም። ስለ እሱ ብዙ ጻፍኩ መሰለኝ።

አሁን ሐጃ ደረጃ መውጣት ጀምረዋል። የእናትሽ ቤት ዳገቱ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቁኛል፤ ተውፊቅም ይህን ከሰማ ወዲህ ልምምዱን አጥብቆባቸዋል። ኢንሻአላህ ከመውሊድ በፊት ሁለት የአገራችንን አዛውንቶች ይዘው ይመጡልሻል። አጎቴ ያን ሰሞን ከቤት እንዳይርቅ ንገሪው። መቀመጫ ብታቀርቢም መልስሽን ሳይሰሙ አይቀመጡም፤ ወጉ እንዲህ ነው ብለው አዛውንቶቹ አስጠንቅቀዋቸዋል። ሐኪሙ ደግሞ ብዙ መቆም ከልክሏቸዋል።

እማ፣ እባክሽ እንደ ልማዱ "እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" እንዳትያቸው። ያንን ዳገት ደጋግሞ የሚያስወጣ ጉልበት በእጅም በማሽንም ገና አልተሠራም።

አላህ ጤናና ዕድሜ ሰጥቶ ለመልካሙ ቀን ያድርስሽ።

እሺታሽን የምትጠብቀው ልጅሽ